ሳንቶሪኒ ላይ "ከባህሩ 200 ሜትር" ሲሏችሁ ወዴት ነው 200 ሜትሩ? የግሪክ ደሴት ማረፊያ ለምትመርጡ

ባለፈው ሰሞን ፍራንክፈርት ያለች የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም የሆቴል ሊንክ ላከችልኝ። ሳንቶሪኒ ነው፣ ነሐሴ ላይ እናቷን ይዛ ልትሄድ ነው፣ "ከባህሩ 200 ሜትር ይላል፣ ዋጋውም አሪፍ ነው፣ ልያዘው?" አለችኝ። ካርታው ላይ ከፍቼ አየሁት። ውሸት አይደለም፣ ከሆቴሉ እስከ ውሃው በቀጥታ መስመር ስለካው እዛው 200 አካባቢ ነው። ችግሩ ሆቴሉ ገደል አፋፍ ላይ መሆኑ ነው፣ ባህሩ ከስር ነው፣ እግርህን ውሃ ልንከር ካልክ በመቶ የሚቆጠር ደረጃ ወርደህ ከዛ መልሰህ መውጣት አለብህ፣ አክስቴ ደግሞ ጉልበቷን ያማታል። "ቆይ አትክፈዪ" አልኳት።

እንዲህ የሚሳሳት ሰው ብዙ ነው፣ እኔም አንዴ ተሳስቻለሁ፣ ምክንያቱም ሁላችንም ደሴቷን የምናውቃት በፎቶ ነው፣ ነጭ ቤት ሰማያዊ ጉልላት ምናምን። ፎቶው ግን መኪናው የት እንደሚቆም፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ የመጨረሻው ባስ ስንት ሰዓት እንደሚሄድ አይነግርህም፣ ዕረፍቱን የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም እሱ ነው።

ካልዴራ ካልዴራ የሚሉት ምንድነው?

ሳንቶሪኒ (ራሳቸው ግሪኮቹ ቲራም ይሏታል) የእሳተ ገሞራ ትራፊ ናት። ከዛሬ 3,600 ዓመት ገደማ በፊት ከባድ ፍንዳታ ተነሳ፣ ከመሬት ስር የነበረው ቅልጥ አለት ተተፍቶ ሲወጣ ከላይ ያለው መሬት የሚሸከመው ነገር አጣና ምሰሶው እንደተነቀለ ጎጆ ወደ ውስጥ ተደረመሰ፣ ጎድጓዳው ውስጥም ባህር ገባበት። ካልዴራ ማለት ያ ጎድጓዳ ነው። ቢሾፍቱ ሐይቅ አፋፍ ላይ ማኪያቶ ይዞ ቁጭ ብሎ ወደታች ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፣ አፈጣጠሩ ትንሽ ቢለያይም አቀማመጡ እሱ ነው፣ ብቻ ሐይቁን በባህር ቀይሩት፣ ከጫፍ ጫፍ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ አድርጉት፣ ገደሉንም ቦታ ቦታ ላይ እስከ 300 ሜትር አስረዝሙት።

ስለዚህ ደሴቷ ሁለት ፊት አላት ማለት ነው። በምዕራብ በኩል ገደል ነው፣ ፎቶው ሁሉ የሚነሳው እዚህ ነው፣ የሚዋኙበት ዳርቻ ግን የለውም ብትሉ ይሻላል። በምስራቅ በኩል መሬቱ ቀስ እያለ ተዳፋት ሆኖ ወደ ባህር ይወርዳል፣ ጥቁር አሸዋ ያለው፣ ጃንጥላና አልጋ የተደረደረበት ቢች እዚህ ነው። ሁለቱን ባንድ ክፍል የሚሰጥ ሆቴል የለም፣ ማንም ቢሏችሁ አትመኑ። መጀመሪያ የሚወሰነው እሱ ነው፣ እይታ ነው የምትፈልጉት ወይስ ውሃ?

እይታ ካልኩ የትኛው ከተማ ላይ ልረፍ?

አፋፉ ላይ አራት ሰፈሮች ተሰልፈዋል፣ ፊራ፣ ፊሮስቴፋኒ፣ ኢሜሮቪግሊ፣ ከዛ ራቅ ብላ በሰሜን ጫፍ ኢያ (በእንግሊዝኛ ፊደል ሲፃፍ መጀመሪያው ላይ ኦ አለበት፣ ሲጠራ ግን ኢያ ነው፣ ታክሲ ሰው ጋ ኦያ ብትሉም ይገባዋል)። ከፊራ እስከ ኢያ በአፋፉ ላይ የእግር መንገድ አለ፣ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሦስት ሰዓት ምናምን ይፈጃል፣ በጠዋት ከተነሱ ደሴቷ ላይ በነፃ የሚገኝ ምርጡ ነገር እሱ ነው።

ፊራ ዋና ከተማዋ ናት፣ ጫጫታ፣ ሱቅ፣ ምግብ ቤት፣ የባስ ጣቢያው እዛ ነው፣ የክሩዝ መርከብ እንግዳም የሚተፋው እዛ ነው። 15 ሺህ ገደማ ቋሚ ነዋሪ ያላት ደሴት ላይ በአንድ ቀን የሚወርደውን የክሩዝ ተሳፋሪ ከ2025 ጀምሮ 8,000 ላይ ገድበውታል፣ ይሄ እንግዲህ ከተገደበ በኋላ ነው፣ በፊት ምን ይመስል እንደነበር አስቡት። ፊሮስቴፋኒ ከፊራ በእግር 10 ደቂቃ ትሆናለች፣ እይታው ያው ነው፣ ጫጫታው ግን ይቀንሳል፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ ካልዴራ ላይ ማደር ለሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የማሳየው እሷን ነው። ኢሜሮቪግሊ ከፍ ያለች ፀጥ ያለች ናት፣ ጫጉላ ሽርሽር የሄደ ሰው ይወዳታል፣ ከማታው ሦስት ሰዓት በኋላ ግን የሚደረግ ነገር የለም። ኢያ ፀሐይ ስትጠልቅ የምታዩት ያ ታዋቂ ፎቶ ነው፣ ውድ ናት፣ ምሽት ላይ ደግሞ ሁሉም ሰው እዛች ጠባብ መንገድ ላይ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቆማል፣ ፀሐይዋ ከገባች በኋላ የሚሆነው የጥምቀት ቀን ጃንሜዳ ሲበተን ማለት ነው፣ ሁሉም ወደ አንድ ባስ። እዛው የሚያድር ሰው ያተረፈው ይሄንን ነው፣ ሌላው ሲጋፋ እሱ በእግሩ ወደ ክፍሉ ይሄዳል፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይም መንገዱን ለብቻው ያገኘዋል።

ዋሻ ክፍል ሲባልስ?

እውነተኛ ነው። እሳተ ገሞራው የተፋው አመድ ተጋግሮ ለስለስ ያለ ድንጋይ ሆኗል፣ ሰዎቹ ገደሉን ፈልፍለው ቤት ሰሩበት፣ ድሮ የድሃ መርከበኛ ቤት ነበር፣ ካፒቴኖቹ ከላይ ግንብ ሰርተው ይኖሩ ነበር። ዛሬ ያ የድሃ ዋሻ ነው በሌሊት በመቶ የሚቆጠር ዩሮ የሚጠየቅበት። በጋ ላይ ቀዝቀዝ ይላል፣ ደስ ይላል። ግን መስኮት ያለው በፊት ለፊት ብቻ ስለሆነ ከኋላ ጨለም ይላል፣ አንዳንዱ እርጥበት እርጥበት ይሸታል፣ አስም ያለበት ሰው ሪቪው ላይ ስለ እርጥበት የፃፈ ሰው ካለ ይፈልግ። ሌላው ነገር ቤቶቹ እንደ ደረጃ አንዱ ካንዱ በላይ ስለተሰሩ የናንተ በረንዳ ከላይ ላለው ሰው ቴሌቪዥን ነው። በረንዳ ላይ ያለውን ሙቅ ውሃ ገንዳ አይታችሁ ከመክፈላችሁ በፊት መንገደኛ የሚያልፈው የት ጋ እንደሆነ እዩ።

ዋጋው ለምንድነው እንዲህ የሚለያየው?

አንድ ሆቴል ውስጥ እንኳን ሁለት አይነት ዋጋ ታያላችሁ፣ አንዱ "ካልዴራ ቪው" ሌላው "ሲ ቪው" ይላል፣ አብዛኛው ሰው ባህር ባህር ነው ብሎ ያልፈዋል። አይደለም። ካልዴራ ቪው ማለት ወደ ምዕራብ፣ ወደ ገደሉና መሃል ወዳለችው የእሳተ ገሞራ ደሴት የሚያይ ነው። ሲ ቪው ከሆነ ወደ ምስራቅ ይዞራል፣ ሜዳ፣ የኤርፖርት መብራት፣ ከዛ ወዲያ ባህር። ፀሐይ ስትወጣ ታያላችሁ፣ እሱም አሪፍ ነው፣ ግን ፎቶው ላይ ያያችሁት አይደለም። "ፓርሻል" የምትል ቃል ከፊቱ ካለች ደግሞ በረንዳው ጥግ ላይ አንገት ሰብሮ ማየት ነው። የከፈላችሁት ለየትኛው ክፍል እንደሆነ ስሙን ኮፒ አድርጋችሁ ለሆቴሉ ላኩና "ይሄ ክፍል ወደየት ነው የሚያየው?" በሉ፣ በፅሁፍ ይመልሱላችሁ።

ደረጃው እውነት እንደሚያወሩት ነው?

እኔ አንዴ ያረፍኩበት ቤት ባለቤት "ትንሽ ደረጃ አለ" ብሎኝ ነበር። 118 ነበር። ቆጥሬዋለሁ፣ ምክንያቱም 23 ኪሎ ሻንጣ ይዤ ሌላ የምሰራው ነገር አልነበረም፣ ጎማ ያለው ሻንጣ ደረጃ ላይ ምንም አይጠቅምም፣ በእጄታው ተሸክመህ በየ20ው እያሳረፍክ ነው፣ ደረጃው ደግሞ እኩል አይደለም፣ አንዱ አጭር አንዱ ረጅም፣ ድንጋዩ በሰው እግር ብዛት ተልጎ ያንሸራትታል። ሰውየው አልዋሸኝም፣ ለሱ ትንሽ ነው፣ እዛ ነው ያደገው።

አፋፉ ላይ መኪና የሚደርሰው እስከ ላይኛው መንገድ ብቻ ነው፣ ከዛ በእግር ነው። ትልልቆቹ ሆቴሎች ሻንጣ ተሸካሚ ይልካሉ፣ ትንንሾቹ ላይልኩ ይችላሉ። ጥያቄው "ሩቅ ነው ወይ" አይሁን፣ "መኪናው ከሚያወርደኝ ቦታ እስከ ክፍሌ በር ድረስ ስንት ደረጃ ነው፣ ወደታች ነው ወደላይ?" ብላችሁ ቁጥር ጠይቁ። ትልቅ ሰው፣ ነፍሰ ጡር፣ ጋሪ ያለው ህፃን ይዛችሁ ከሆነ ይሄን ሳትጠይቁ አትክፈሉ።

መርከቡ የሚያወርደኝ ከተማው ውስጥ ነው?

አይደለም። ከአቴንስ ፒሬየስ ወደብ የሚመጣው መርከብ (ፈጣኑ 5 ሰዓት ገደማ፣ ትልቁ ቀርፋፋው ወደ 8 ሰዓት) የሚያወርደው አቲኒዮስ የሚባል ወደብ ላይ ነው፣ ገደል ስር ያለ ጠባብ ቦታ፣ ሆቴል የሚያዝበት ሰፈር አይደለም፣ ጠመዝማዛ መንገድ ወጥታችሁ ነው ወደ ከተማ የምትገቡት። መርከብ ሲደርስ ባስ ይጠብቃል፣ መጀመሪያ ፊራ ይወስዳችኋል። ፊራ ስር ያለው አሮጌ ወደብ ሌላ ነው፣ እሱ በአብዛኛው ለክሩዝ እንግዳ ነው፣ ወደ ላይ የሚወጣው በኬብል ካር ወይ 588 ደረጃ በእግር ነው፣ አህያም አለ፣ ግን አህዮቹ በዛ ሙቀት ሰው ተሸክመው ሲወጡ ማየት አንጀት ይበላል፣ እኔ አልመክርም።

ባሱ ላይ አንድ ነገር እወቁ፣ መስመሩ ሁሉ ፊራ ላይ ነው የሚገናኘው። ከካማሪ (በምስራቅ በኩል ካሉት የቢች ሰፈሮች አንዷ ናት) ኢያ መሄድ ከፈለጋችሁ ፊራ ወርዳችሁ ሌላ ትይዛላችሁ። ስለዚህ መኪና ሳይከራይ ደሴቷን መዞር የሚፈልግ ሰው ፊራ ወይ ፊሮስቴፋኒ ቢያድር ግማሹ ድካም ይቀርለታል።

ውሃ ነው የምፈልገው ካልኩስ?

እንግዲህ ካማሪ ወይ ፔሪሳ ነው። ሁለቱም ጥቁር አሸዋና ጠጠር ናቸው፣ ሜዳ ናቸው፣ ደረጃ የለም፣ ከክፍል ወጥቶ በነጠላ ጫማ ውሃው ጋ መድረስ ይቻላል (ነጠላ ጫማውን ግን አትርሱ፣ ጥቁር አሸዋ እኩለ ቀን ላይ እንደ ምጣድ ነው)። ዋጋውም ከአፋፉ በጣም ይወርዳል፣ ስቱዲዮ የሚሉት ትንሽ ማብሰያ ያለው ክፍል ይገኛል፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድራቸው፣ የኛ ፔንሲዮን በሉት ግን ንፁህና በረንዳ ያለው።

ካማሪ ሰብሰብ ያለች፣ የእግረኛ መንገድ ያላት፣ ለኤርፖርት ቅርብ ናት። ፔሪሳ ለቀቅ ያለች ረጅም ቢች ናት፣ ወደ ደቡብ ፔሪቮሎስ ብላ ትቀጥላለች፣ ወጣት ይበዛባታል። ካርታ ላይ ሁለቱ ጎረቤት ይመስላሉ፣ መሃላቸው ግን ሜሳ ቩኖ የሚባል ተራራ ተገትሯል፣ በመኪና ዞራችሁ ነው የምትደርሱት። በጋ ላይ በባህር የምታሻግር ጀልባ አለች።

ነፋሱ ምን አገባው?

ኤጂያን ባህር ላይ በሐምሌና ነሐሴ መልቴሚ የሚባል የሰሜን ነፋስ አለ። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይ ሞልቶ፣ ነፋሱ ግን አንዳንዴ ለቀናት አያቋርጥም። ሙቀቱን ስለሚያበርድ ባይኖር ጉድ ነበር፣ ግን ወደ ሰሜን የዞረ ቢች ላይ ከሆናችሁ አሸዋው ፊታችሁን ይገርፈዋል፣ ጃንጥላው ይበራል። ለዚህ ነው ሚኮኖስ ላይ ታዋቂዎቹ የመዋኛ ቦታዎች በደቡብ በኩል የተደረደሩት፣ ሮድስ ላይ ደግሞ ምዕራቡ ነፋሻ፣ ምስራቁ ረጋ ያለ ነው። ሳንቶሪኒ ላይ ፔሪሳን ተራራው ከሰሜን ይከልልላታል። ደሴቱ የትም ይሁን፣ ካርታውን ክፈቱና ቢቹ ወዴት እንደሚያይ እዩ፣ ከሆቴሉ ኮከብ ብዛት ይሄ ይበልጣል።

ነፋሱ ሲብስ መርከብ እንዳይወጣ ይከለከላል። ስለዚህ ከደሴት ወጥቶ በዛው ቀን ከአቴንስ አውሮፕላን መያዝ ቁማር ነው፣ የመጨረሻዋን ሌሊት አቴንስ እደሩ።

ግዴታ ሳንቶሪኒ ነው እንዴ?

ኧረ አይደለም። ልጆች ይዞ የሚሄድና ዋና የሚፈልግ ሰው ናክሶስን ይይ። ሲክላዲስ ከሚባሉት፣ ሳንቶሪኒም ካለችበት የደሴቶች ስብስብ ትልቋ ናት፣ ወደ 430 ካሬ ኪሎ ሜትር (ሳንቶሪኒ 76 ናት)፣ ነጭ አሸዋ አላት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መርከቡ የሚያወርዳችሁ ከተማው በር ላይ ነው። ሻንጣችሁን እየጎተታችሁ ሆቴል ትገባላችሁ፣ አጊዮስ ጊዮርጊዮስ የሚባለው ቢች ከከተማው በእግር ነው። ከተማውን ሆራ ይሉታል፣ የቢሾፍቱ ሆራ እንዳይመስላችሁ፣ በግሪክ ደሴቶች ዋናው ከተማ በአብዛኛው "ሆራ" ነው የሚባለው፣ ሆቴል ስትፈልጉ ይሄ ስም ከመጣ ዋና ከተማው ነው ማለት ነው።

ቀርጤስ ሌላ ጉዳይ ናት። ሰው ደሴት ሲባል ትንሽ ነገር ይመስለዋል፣ ቀርጤስ ግን ከጫፍ ጫፍ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ የሚያህል ነው። ሄራክሊዮን አርፎ ኤላፎኒሲ የሚባለውን ሮዝ አሸዋ ያለበት ቢች ደርሼ እመጣለሁ የሚል ሰው ሙሉ ቀኑን መኪና ውስጥ ነው የሚያሳልፈው። ምዕራቡን ከፈለጋችሁ ሃኒያ፣ የክኖሶስን ቤተ መንግስት ፍርስራሽ ከፈለጋችሁ ሄራክሊዮን፣ ሁለቱንም ካላችሁ ሁለት ቦታ እደሩ። ኮርፉና ሳንቶሪኒን ባንድ ጉዞ በመርከብ እዞራለሁ የምትሉ ደግሞ ተዉት፣ ኮርፉ በሌላኛው ባህር፣ በጣልያን በኩል ናት፣ መሃላቸው ዋናው መሬት አለ።

ከተፃፈው ዋጋ ሌላ የሚከፈል አለ?

አለ፣ ብዙ ሰው ሪሴፕሽን ላይ የሚጣላበት እሱ ነው። መንግስት የአየር ንብረት መቋቋሚያ ብሎ በየሌሊቱ በክፍል የሚያስከፍለው ክፍያ አለ፣ በ2025 ከፍ ተደርጓል። ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት (በፈረንጅ ኤፕሪል እስከ ኦክቶበር) ባለ 1 እና 2 ኮከብ ሆቴል 2 ዩሮ፣ ባለ 3 ኮከብ 5፣ ባለ 4 ኮከብ 10፣ ባለ 5 ኮከብ 15 ዩሮ ነው፣ የኤርቢኤንቢ አይነት አፓርታማ 8 ዩሮ። ባለ 4 ኮከብ ሆቴል ሰባት ሌሊት ካደራችሁ 70 ዩሮ ማለት ነው፣ አንዳንዱ ቡኪንግ ላይ ተደምሮ አይታይም፣ ስትደርሱ ነው የምትከፍሉት። ሆቴሉ አላጭበረበረም፣ ህግ ነው። የግል ቤት ስትከራዩ ደግሞ ማስታወቂያው ላይ የመመዝገቢያ ቁጥር መኖሩን እዩ፣ በግሪክኛ "አማ" ይሉታል፣ ህጋዊ ቤት ቁጥሩን ማሳየት አለበት።

አንድ ደግሞ ማንም አስቀድሞ የማይነግራችሁ፣ የሽንት ቤት ወረቀት አብዛኛው ቦታ ሲንኩ ውስጥ አይጣልም፣ ቱቦው ጠባብ ነው፣ አጠገቡ ያለው ቅርጫት ውስጥ ነው። ውዱ ዋሻም ውስጥ ያው ነው።

የመሬት መንቀጥቀጡስ?

በ2025 መጀመሪያ ላይ፣ እኛ ጋ አዋሽ ፈንታሌ ሲነቃነቅ በነበረበት ሰሞን፣ በሳንቶሪኒና በአሞርጎስ ደሴት መሃል ባህር ስር በሺህ የሚቆጠር መንቀጥቀጥ ተመዝግቦ ብዙ ሺህ ሰው ደሴቷን ለቆ ወጥቶ ነበር። ከዛ ረገበ፣ በጋውም እንግዳ ገባ። ቦታው እሳተ ገሞራ ነውና ከመሄዳችሁ በፊት ዜና ማየት፣ ያለ ቅጣት ሊሰረዝ የሚችል ቡኪንግ መያዝ አይከፋም።

መቼ ነው ክፍል የሚጠፋው?

ሁለት ጊዜ። አንደኛው ፋሲካ ነው፣ የነሱና የኛ ፋሲካ በአንድ ቀን ነው የሚውለው፣ ያኔ ብዙው ግሪክ ወደ ትውልድ ቦታው ይሄዳል። ሁለተኛው ኦገስት 15፣ የእመቤታችን በዓል፣ አገሩ በሙሉ ዕረፍት ይወጣል፣ ቲኖስ ደሴት ላይ በጉልበታቸው እየዳሁ ቤተ ክርስቲያን የሚወጡ ሰዎች አሉ። በዛ ሳምንት ርካሽ ክፍል አትጠብቁ። ከኖቬምበር እስከ ማርች ደግሞ ብዙው ሆቴል ዝግ ነው።

የአክስቴ ልጅ ነሐሴን መቀየር አልቻለችም፣ ፈቃዷ ያኔ ነው። የአፋፉን ሆቴል ትታ ለአንድ ሌላ ቤት ደረጃውን ጠይቃ ነበር፣ "ከሞላ ጎደል ደረጃ የለም፣ 46 ብቻ" ብለው መለሱላት። ካማሪ ያዘች፣ ከቢቹ ሁለተኛ መስመር፣ ምድር ቤት። አክስቴ ስለ እይታው ምንም አልጠየቀችም፣ የጠየቀችው ፍልሰታን እየፆምኩ ምን እበላለሁና ቤተ ክርስቲያን ቅርብ ነው ወይ ብቻ ነው። ምግቡ ቀላል ነው፣ ፋቫ የሚሉት የሳንቶሪኒ ቢጫ ክክ አለ፣ ተቀቅሎ ተፈጭቶ፣ በላዩ ቀይ ሽንኩርትና የወይራ ዘይት፣ ከአልጫ ክክ ብዙም አይርቅም፣ "ኒስቲሲሞ" ካለች የፆም መሆኑን ይገባቸዋል። ቤተ ክርስቲያኑም ከካማሪ ከፍ ብሎ ሜሳ ጎኒያ ጋ ኤፒስኮፒ የምትባል የ11ኛው ክፍለ ዘመን የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን አለች፣ የደሴቷ የኦገስት 15 ትልቁ ንግስ የሚከበረው እዛ ነው። አንድ ችግር ብቻ አለ፣ እነሱ ፆሙን ቀድመው ስለሚጀምሩ በዛ ቀን ይፈስካሉ፣ አክስቴ ግን እስከ ነሐሴ 16 ገና አንድ ሳምንት ይቀራታል።